እህቴ የደገመችልኝ

በልጅነቴ ጆሮዬ በደንብ አይሰማም ነበር። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ንግግር እለያለሁ፤ ጫጫታ ካለ ግን ሁሉም ይደባለቅብኛል። ስለዚህ ጅቡቲ ስንኖር፣ ሰው በበዛበት ቦታ ሁሉ ታላቅ እህቴ ፊት ለፊቴ ትቀመጥና የተባለውን ቀስ ብላ ትደግምልኝ ነበር። እኔም ከንፈሯን እያየሁ እከታተላለሁ። የነገረችኝን ተጠራጥሬ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን እናታችን ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ወዳለ ምግብ ቤት ወሰደችን። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፤ የጣሪያው ማራገቢያ ያጓራል። እናቴ አጎንብሳ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። እህቴ አንገቷን ደፋች።

«ምን አለች?» አልኳት።

«ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ብዪ ነው የምትልሽ።»

በማግስቱ ስነሳ እናቴ የለችም። ለአክስታችን አደራ ሰጥታን ለሥራ ቤሩት ሄዳለች።

«ትናንት የነገረችን ይህንን ነበር?» ብዬ እህቴን ጠየቅኋት።

«አዎ። ስታለቅሺ ማየት አልፈለገችም። አትንገሪያት ብላ ለመነችኝ» አለች።

ሁለቱም ተስማምተው እኔን ብቻ ከነገሩ ውጭ አስቀሩኝ። ከዚያ በኋላ እናቴ ስትደውል የስልክ ድምፅ ስለማይገባኝ የምታናግራት እህቴ ነበረች። «ናፍቀሽኛል ትልሻለች» ትለኛለች። እናቴ በእርግጥ እንደዚያ ማለቷን ግን በምን ልወቅ?