የአልቦ ትርጉም

ጎፋ በሚገኘው የጋሽ ሙሄ የብር ጌጥ ቤት ሐብሌ እስኪበየድልኝ ተቀምጬ ሳለሁ ነው አንዲት ሴት የገባችው። አርባዎቹን ያጋመሰች ትመስላለች። የአዋቂ ዳይፐር የያዘ ፌስታል አንጠልጥላለች፤ ሹራቧን ገልብጣ መልበሷን ያወቀች አትመስልም። ጋሽ ሙሄ ወንበር ሲያሳዩዋት «ከተቀመጥኩ እንቅልፍ ይወስደኛል» ብላ ባንኮኒውን ተደገፈች።

«ጋሼ፣ አልቦ የሚባል ጌጥ አለ እንዴ? አንዲት ጎረቤቴ ናት የነገረችኝ።»

«አለ። ለምን ፈለግሽው?»

«እናቴን ስትሮክ ከመታት ወዲህ የቀራት ቃል እሱ ብቻ ነው። እጄን ይዛ ‹አልቦ፣ አልቦ› ትላለች። የንስሐ አባታችንን ብጠይቅ በግዕዝ ‹የለም› ማለት ነው አሉኝ። ሰባት ወር ሙሉ አጥቤ፣ አጉርሼ፣ አገላብጬ፣ ሰው የለኝም የምትለኝ መስሎኝ ነበር።»

ጋሽ ሙሄ ከመሳቢያ አምባር የሚመስሉ ሁለት ያረጁ የብር ጌጦች አወጡ። «አልቦ ይኸውልሽ። የእግር ጌጥ ነው፤ ድሮ ኮረዶች ያደርጉት ነበር። ስሙ ከየት እንደመጣ ግን እኔም አላውቅም።»

አንዱን ተቀብላ ዐይኗን ጨፈነች። ቆማ የተኛች መስሎኝ ነበር።

«ለካ እናቴም ኮረዳ ነበረች» አለች ቀስ ብላ።

«አንዱን ወስደሽ አሳያት። ነገ ትመልሺዋለሽ።»

«ሁለቱንም ይስጡኝ ጋሼ» አለች። «ቀኝ እግሯ ባይሰማትም ታየዋለች።»