ሹፌሩስ?

የስደት ወሬ ሲወራ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው፤ ውሻ ይጮኻል፣ እናት በር ላይ ታለቅሳለች። የእኔ እንዲህ አልነበረም። እኔ ከአዳማ የወጣሁት ከምሳ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በአባቴ ሚኒባስ ውስጥ በሁለት ትልልቅ ስፒከሮች መሀል ተጣብቄ ነው። ያለቀሰልኝም የለም። እናቴ የሦስት ሳምንት ሥራ መስሏት ከደጃፉ እንኳ አልወጣችም። "ካልሲ ብዙ ግዛ፣ እዚያ ርካሽ ነው አሉ" ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

አባቴ ከድር ይባላል። በልጅነቱ ከወሎ መጥቶ አዳማ ላይ ያደገ፣ የስምጥ ባንድ ሹፌር ነበር። ስምጥን የአዳማ ሰው ያውቀዋል፤ ለማያውቀው ልንገረው። ሌላው ባንድ በኪቦርድ ሠርግ ሲያደምቅ እነሱ ጊታሩን እያስጮኹ ሮክ የሚጫወቱ፣ በጎፈሬ ጀምረው አሁን መነጽር ካላደረጉ የጊታሩን ክር የማያዩ ሽማግሌዎች ናቸው። መሪያቸው ጋሽ ቶላ ይዘፍናልም፣ ጊታርም ይመታል። አባቴ ከሶደሬ ቢሾፍቱ፣ ከመቂ ዝዋይ ሲያመላልሳቸው ኖረ። ከዓለም ጤና ሲመለስ በመሣሪያው መሀል ሽንኩርት ይጭናል፤ ስለዚህ ስምጥ ስንት ሆቴል ሽንኩርት እየሸተተ ተጫውቷል። እኔ ደግሞ ገመድ ጠቅላይ ነበርኩ። ኬብል እዘረጋለሁ፣ ኬብል እሰበስባለሁ።

ባንዱ አውሮፓ ሲጠራ ጋሽ ቶላ እኔንም ሊወስደኝ ፈቀደ፤ ግን ፈራ። አዲስ አበባ ሲደርሱ ሰው የሚጠፋባቸው ባንዶች ስንት ናቸው፣ ፍራንክፈርት ሲደርሱማ! አባቴ ነው ዋስ የሆነኝ። "ካልተመለሰ እኔን ጠይቀኝ" አለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ኤርፖርት ላይ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ፣ "ገመዱንም ራስህንም ይዘህ ተመለስ" አለኝ።

ገመዱ ተመልሷል። ፍራንክፈርት ላይ የመጨረሻው ዝግጅት ሲያልቅ አንድም ሳይቀር ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩና በኋላ በር ወጣሁ። አሁንም ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል። ባንዱ በእኔ የተነሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ቪዛ ተከለከለ። አባቴም ስድስት ዓመት አላናገረኝም። ስደውል ስልኩን ያነሳል፣ ድምፄን ሲሰማ ሳይናገር ለእናቴ ያቀብላታል። እኔ የእሱን ትንፋሽ ብቻ እየሰማሁ ስድስት ዓመት ኖርኩ።

እዚህ የጠበቀኝ ኑሮ ምን እንደሚመስል የዚህ አገር እህል ውሃ የሚያምራችሁ ሁሉ ስሙኝ። ጥገኝነት ስጠይቅ ያነጋገረኝ ሹም በአስተርጓሚ፣ "ሥራህ ምን ነበር?" አለኝ።

"ገመድ እጠቀልላለሁ።"

"ገመድ የሚጠቀልልን ሰው ማን ያሳድደዋል?"

"አባቴ" አልኩት።

አስተርጓሚዋ ሳቋን ዋጠች፤ ሰውዬው ግን ቁጭ አድርጎ ጻፈው። ሁለቴ እምቢ ተባልኩ። በኋላ አውስቢልዱንግ የሚሉትን የሙያ ትምህርት ገብቼ፣ የመብራት ሠራተኛ ሆኜ ነው ወረቀት ያገኘሁት። ከዚያ ቤት ተከራየሁ። አከራዬ ወይዘሮ ክራውዘ አንድ እሑድ በሬን አንኳኳች።

"ዛሬ ሩኸ ነው" አለች። ሩኸ ማለት ጸጥታ ነው።

"ምንም አልተናገርኩም እኮ።"

"ስትራመድ ይሰማል።"

"እሑድ እሑድ መራመድ ልተው?"

"ካልሲ አድርግ" አለችኝ። እናቴ አዳማ ቁጭ ብላ ያወቀችውን እኔ እዚህ መጥቼ ተማርኩት።

ታዲያ በዚህ ካልሲ አድርገው በሚራመዱበት አገር፣ ስምጥ ባንድ እንደገና ሊመጣ ነው ሲባል ምን እንደተሰማኝ መገመት አያቅታችሁም። በቴሌግራም የደጋፊዎች ቡድን አለን። አስተዳዳሪዋ ሰናይት ትባላለች፤ የአዳማ ልጅ፣ እዚሁ ፍራንክፈርት ፀጉር የምትሠራ። እኔ በስሜ አልገባሁም። ባንዱን ያስከለከለው የሹፌሩ ልጅ መሆኔን ማን ይናገራል! "ገመዱ" ብዬ ነው የምጽፈው፤ ማንነቴን ሰናይት ብቻ ታውቃለች።

ጋሽ ቶላ ምን ምን እንደሚጫወቱ ደጋፊው ይምረጥ ብሎ ላከ። ምነው ባላለ! መግቢያው "አዋሽ ሲሞላ" ይሁን ወይስ "የጋሪው ደወል" በሚል ብቻ አንድ ሳምንት ተሰዳደብን። ከሁሉ የባሰው ጌታሁን የሚባሉ የመቂ ሰው ናቸው፤ ሆላንድ ይኖራሉ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ባንዱ በተጫወተበት ሁሉ የነበሩ፣ የትኛው ዘፈን ከየትኛው ቀጥሎ እንደተዘፈነ በደብተር የያዙ ሰው። ወጣቶቹ "ጋሼ፣ እንጨፍር እንጂ ፈተና እንፈተን?" ይሏቸዋል። እሳቸው ንቅንቅ የለም።

ዋናው ጠብ በመዝጊያው ዘፈን ላይ ነበር፤ "አንድ ሰው ቀረው" ይባላል። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ጋሽ ቶላ እንደ አዳማ መናኸሪያ ረዳት ሆኖ ይጣራል። የሚጠራው ግን የሞቱትን የባንዱን ሰዎች ነው። "መስፍን ከበሮ!" ሲል ሕዝቡ በሟቹ ፈንታ "አለ!" ብሎ ይመልሳል። "አልማዝ!" "አለች!" "ሁሴን ቤዝ!" "አለ!" ከዚያ "አንድ ሰው! አንድ ሰው ቀረው!" ይልና፣ "ሹፌር፣ ንዳው!" ሲል አባቴ ከአዳራሹ ውጭ ሚኒባሱ ውስጥ ሆኖ ክላክሱን ይነፋዋል። ቤቱ ይደበላለቃል። "አለ" የሚባለው ግን ለሞተ ብቻ ነው። አንዴ ሶደሬ ላይ አንድ ጎረምሳ በሕይወት ያለ ጓደኛውን ስም ቢጠራ ጋሽ ቶላ ጊታሩን አቁሞ ከአዳራሽ አስወጥቶታል።

እኔና ጌታሁን ይህ ዘፈን ይኑር ብለን ሞገትን። እሳቸው የደብተራቸው ነገር ሆኖባቸው ነው፤ እኔ ግን የራሴ ምክንያት ነበረኝ። በግንቦት እናቴ ስትደውልልኝ፣ "አባትህ ባንዱ ሲመጣ አናግረዋለሁ ብሏል" አለችኝ። ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። "አሁን ስጪኝ" ስላት፣ "የለም፣ ሶደሬ ሄዷል። ጉልበቱን አሞት ፍል ውሃ ገብቷል፤ እዚያ ኔትወርክ የለም" አለችኝ። ድምጿ ሻክሮ ነበር፤ ጉንፋን ነው አለች። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅና የሰሃን ኳኳታ ይሰማል። ምንድነው ብላት፣ "የጎረቤት ሠርግ" አለች። የመርፌ ያህል ነገር ደረቴን ወጋ አደረገኝ፤ ግን ደስታዬ በለጠና ተውኩት።

እቅዴን ያወጣሁት ያን ቀን ነው። ዘፈኑ ሲደርስ ወደ ቤት እደውላለሁ፣ ስልኩን ከፍ አድርጌ ለአባቴ አሰማዋለሁ፣ ከዚያ ያናግረኛል። ከእሱ የምፈልገው እሱን ብቻ ነበር። ቢሰድበኝም ይስደበኝ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን ነገሩ ሁሉ ሌላ መልክ ያዘ። ዘፈኑን ትወድ የነበረችው ሰናይት በአንድ ቀን ተገለበጠች። "የሙታን ዘፈን በሰው አገር ምን ያደርጋል?" ብላ ጻፈች። አንድ ጠዋት ስልኬ ላይ የጌታሁን መልእክት ብቅ አለ፤ "ነፍሱን ይማር፣ እንዲህ ያለ ሰው..." የሚል መጀመሪያው ብቻ ታየኝ። ስከፍተው የለም። ሰናይትን ስጠይቃት "ከዘፈን ዝርዝሩ ውጭ የሆነ ሁሉ ይሰረዛል" አለች። የቆየ ሙት አስታውሰው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። እናቴ ጋ ስደውል አባቴ ሁልጊዜ ሶደሬ ነው። ሰባት ሳምንት! የማን ጉልበት ነው ሰባት ሳምንት የሚዘፈዘፍ?

አንድ ቀን ሰናይት ሱቋ አስጠርታኝ ቁጭ አደረገችኝ።

"ነስሩ፣ እባክህ ይቺን ዘፈን ተዋት።"

"ለምን?"

"እንዲሁ። ለእኔ ስትል።"

"አባቴን የማናግረው በሷ ነው፤ እንዴት ልተዋት?"

ማበጠሪያዋን ታገላብጥ ጀመር። ዓይኗ ሞላ። የፀጉር ቀለሙ ሽታ ነው አለችኝ፤ እኔም አመንኳት። ማመን የፈለገ ሰው ምን ያህል ደደብ እንደሚሆን ከእኔ ተማሩ። ድምፅ ሲሰጥ እኔና ጌታሁን አሸነፍን፤ ቤቴ ውስጥ በካልሲ ጨፈርኩ።

ዝግጅቱ እዚሁ ፍራንክፈርት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ አዳራሹ ፋብሪካ መሀል ስለሆነ ሩኸ የሚል ጎረቤት የለውም። ቀደም ብዬ ሄጄ ጋሽ ቶላን ከመድረኩ ኋላ አገኘሁት። ስድስት ዓመት ያዘጋጀሁት ይቅርታ ነበረኝ፤ እግሩ ላይ ልወድቅ አስቤ ነበር። አላስጨረሰኝም። ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ይዞ ደረቱ ላይ አስጠጋኝ።

"አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ?" አለኝ። እንዴት ነህ፣ ልጄ ማለቱ ነው። ሊሰድበኝ ሲገባው ልጄ አለኝ፤ ያኔ ነው እውነተኛ ፍርሃት የያዘኝ።

"ጋሼ፣ አባዬን አይተውታል?"

ገመዶቹን ተመለከተ። "ሶደሬ አይደል ያለው? ውሃው ጥሩ ነው።" ቀጥሎም፣ "ነስሩ፣ ያቺን መዝጊያ ዛሬ ብንተዋትስ? ጉሮሮዬም ደክሟል።"

"በስልክ ሊሰማት ነው እኮ፣ ጋሼ። እማዬ ስልኩን ይዛ ትጠብቃለች።"

"እሺ። እሺ በቃ" ብሎ ጊታሩን ሊቃኝ ዞረ።

ስምጥ ተጫወተ። "አዋሽ ሲሞላ" ሲጀመር የመቂው፣ የአዳማው፣ የሞጆው ሰው በአንድ ላይ ጮኸ። ጌታሁን ፊት ለፊት ቆመው፣ ደብተራቸውን ከፍተው፣ በእስክሪብቶ ምልክት ያደርጋሉ። በአካል ያየኋቸው ያን ቀን ነው፤ ነጭ ፂም ያላቸው ቀጭን ሰው። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ማን መሆኔን አያውቁም፤ አልነገርኳቸውማ።

መዝጊያው ሲገባ ደወልኩ። እናቴ አነሳች። "እማዬ፣ አባዬ አጠገብሽ ነው?" ብዬ ጮህኩ። የመለሰችው በጩኸቱ አልተሰማኝም። ስልኩን ወደ ላይ አነሳሁት።

"መስፍን ከበሮ!"

"አለ!"

"አልማዝ!"

"አለች!"

"ሁሴን ቤዝ!"

"አለ!"

ከዚያ "አንድ ሰው ቀረው" አላለም። "ሹፌር፣ ንዳው" አላለም። ጋሽ ቶላ ዓይኑን ጨፍኖ በቀጥታ ወደ ጊታሩ ገባ፣ ዘፈኑን ሊዘጋው። ግን ሰላሳ ዓመት ሙሉ ዝርዝር የያዘን ሰው ማን ይሸውደዋል? ጌታሁን ደብተራቸውን እያወዛወዙ መድረኩን በእጃቸው መቱት።

"ሹፌሩስ? ቶላ! ጋሽ ከድርን ረሳኸው እንዴ? ስሙን ጥራ እንጂ!"

አባቴን አስታወሱት ብዬ ልቤ በደስታ ዘለለ። ስልኩን የበለጠ ከፍ አደረግኩት። ከኋላ አንዱ "ከድር!" አለ፣ ሌላውም "ከድር!" አለ፤ ጋሽ ቶላ ማይኩን በመዳፉ ሸፍኖ፣ ዓይኑን ገልጦ እኔን አየኝ።

"ከድር ሹፌር!" አሉ ጌታሁን፣ ራሳቸው ረዳት ሆነው።

አዳራሹ በሙሉ "አለ!" ብሎ መለሰ።

ጊታሩ ቆመ። እኔ እጄን እንዳነሳሁ ነበርኩ። ሰናይት ሰው እየገፋች ወደ እኔ ስትሮጥ አየኋት። ስልኩን አውርጄ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። እናቴ እያለቀሰች አልነበረም፤ በጣም ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

"ልጄ፣ አጠገብህ ሰው አለ?"

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ጋሽ ቶላና እዚህ ያሉ የአዳማ ትልልቅ ሰዎች ሰኞ ማለዳ ቤቴ መጥተው ሊያረዱኝ ተቀጣጥረው ነበር። ያ የጎረቤት ሠርግ የተባለው የአባቴ ለቅሶ ነው። ጌታሁን ልጁ መሆኔን ሲሰሙ መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። "ስምህን ብትነግረኝ ኖሮ" አሉኝ። ምን እላቸዋለሁ? ስሜን የደበቅኩት እኔ ነኝ።

አሁን እናቴ ጋ ስደውል ስልኩን የሚያቀብላት ሰው የለም። ራሷ ታነሳለች። በየጊዜው የምጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"እማዬ፣ እውነት አናግረዋለሁ ብሎ ነበር?"

"ብሎ ነበር፣ ልጄ። ሳይታመም በፊት ነው ያለው፣ ባንዱ ሲመጣ አናግረዋለሁ ብሎ ነበር" ትለኛለች። ሳታመነታ፣ ለስለስ አድርጋ ነው የምትለው። ሶደሬ ነው ስትለኝም ድምጿ ልክ እንደዚህ ነበር።