ለሙቀጫ የተነገረ ግጥም

ወደ ጀሞ የሚሄድ ታክሲ የምጠብቀው መካኒሳ ካለው ወፍጮ ቤት ፊት ለፊት ነው። በርበሬ በሚፈጭበት ቀን ተሰላፊው ሁሉ ሲያስነጥስ፣ እኔ እናቴን አስባለሁ።

እናቴ በርበሬ የምትወቅጠው አባቴ ሥራ ሲሄድ ጠብቃ፣ ጓሮ ሆና ነበር። ዘነዘናውን እያነሳች ስትጥል ከራሷ አውጥታ ታንጎራጉራለች፦

ሲቆጣኝ ዝም አልኩኝ፣ ሲመታኝ ዝም አልኩኝ፣
በርበሬ ነው ብዬ እንባዬን ጠረግኩኝ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የአማርኛ አስተማሪያችን ግጥም አምጡ አሉን። ሌላ ስላልነበረኝ ይህንኑ ጽፌ አነበብኩ። ክፍሉ አጨበጨበ።

«ከየት አመጣሽው?»

«የእናቴ ነው» አልኩ፣ ኮርቼ።

አስተማሪው የአባቴ ወዳጅ ስለነበሩ ሊያሞግሱኝ ብለው ነገሩት። በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ አባቴ «እስቲ ባለግጥሟ፣ ለእኔም ግጠሚልኝ!» እያለ ገባ። እናቴ ወደ ጎረቤት ላከችኝ። በማግስቱ ግራ ዓይኗ አብጦ ተከድኖ ነበር።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ደስ ይልሻል ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። እኔ ግን የነገርኩት ለሙቀጫው ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ስትወቅጥ የሚሰማው የዘነዘናው ድምፅ ብቻ ሆነ። ምግብ አልረጋላት አለ፤ ሆዷን ይዛ ትቀመጥ ጀመር። ያዩዋት ሐኪሞች ሁሉ መድኃኒት ሰጧት፤ አንዱም አልበጃትም።

አባቴ ከሞተ ከዓመታት በኋላ፣ እሷም አልጋ ላይ በዋለችበት ሰሞን፣ አጠገቧ ተቀምጬ ለመንኳት።

«እማዬ፣ አባባ እኮ የለም። አንድ ስንኝ ብቻ በዪልኝ።»

አፏን ከፈት አደረገች። ከዚያ በሩን አየችና አፏን መልሳ ገጠመችው።