በባዶው ሰፈር የሚፈስ ውሃ

ስለ እቴቴ ልጽፍ ብዬ ወረቀት ሳወጣ ባለቤቴ ሳቀችብኝ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ስትነዘንዛት ኖረህ አሁን ልታሞግሳት ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እቴቴ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት፤ ከተማው ሁሉ ግን እቴቴ ነው የሚላት። እኔ የከተማዋ የውሃ ሠራተኛ ነኝ፣ እሷ ደግሞ የእንግዶቹ ቤቶች ቁልፍ ያዥ። እኔ ቧንቧ ልዝጋ ስል እሷ «ክፈት»፣ እኔ ልክፈት ስል እሷ «ዝጋ» እያለችኝ ስንጨቃጨቅ ኖረናል። ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት ያየሁትን ካየሁ በኋላ ግን፣ ጭቅጭቁን ጨርሶ ባልተወውም፣ ድምፄን ቀንሻለሁ።

ከተማችን ሐይቅ ዳር ያለች የገጠር ከተማ ናት። አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ዳቦ ቤት፣ አንድ መድኃኒት ቤት፣ ከሰዉ ቁጥር ጋር የማይመጣጠን ብዙ ጀልባ አላት። በሙቀቱ ወራት ከትልልቅ ከተሞች እንግዳ ይጎርፋል። ዳቦ ቤቱ ሰልፍ፣ ዳርቻው ጃንጥላ፣ መንገዱ መኪና ብቻ ይሆናል፤ እኔም «ውሃው ቀጠነ» እየተባልኩ ስሰደብ እውላለሁ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲቃረብ ታዲያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉም ዕቃውን ሸክፎ ውልቅ ይላል። ስድስት መቶ የነበርነው ሦስት መቶ ሰው እንቀራለን።

የዚያ ማግስት ጠዋት እንዴት ያለ እንደሆነ ልንገራችሁ ብል አልችልበትም። ደጃፌ ላይ ስቆም የሐይቁ ውሃ ድንጋዩን ሲነካ ይሰማኛል፤ ሐይቁ ደግሞ ከቤቴ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ከተማው ጫፍ ላይ ሰው በር ሲዘጋ ይሰማኛል። እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል፤ ግን በየዓመቱ ያ ጠዋት ሲመጣ እንደ አዲስ ቆሜ እቀራለሁ። ባርኔጣዬንም አወልቃለሁ፣ ለማን እንደማወልቅ ባላውቅም።

እንግዶቹ ሁልጊዜ የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ፦ «እኛ ስንሄድ እናንተ ምን ትሠራላችሁ?» እነሱ ሲሄዱ እኛን አጣጥፈው ቁም ሳጥን ውስጥ የሚከቱን ነው የሚመስላቸው። «እንተነፍሳለን» እላቸዋለሁ እኔ። እቴቴ ግን ለመተንፈስም ጊዜ የላትም። የእሷ ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ከሐይቁ በላይ ያለው ሰፈር አርባ አንድ ቤቶች አሉት፤ ሁሉም የእንግዶች ናቸው። የአርባ አንዱም ቁልፍ እቴቴ ጓዳ ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ የተመታ ሳንቃ ላይ ተንጠልጥሏል። ቁጥር የለው፣ ስም የለው፣ ምልክት የለው። እጇን ሰድዳ ሳታይ ትመዛለች፤ ተሳስታ አታውቅም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አንዲት እንግዳ «እስክመለስ ያዢልኝ» ብላ የሰጠቻት አንዲት ቁልፍ ናት እንግዲህ ተዋልዳ አርባ አንድ የሆነችው። በየሳምንቱ ሰኞ ሁሉንም ትዞራለች። ትከፍታለች፣ ታናፍሳለች፣ አይጥ ገብቶ እንደሆነ ታያለች፣ ጣሪያ ያፈሰሰ እንደሆነ ወደ ኮርኒሱ ታንጋጥጣለች፣ ትዘጋለች። አንድም ቀን ግን የእንግዳ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አታውቅም። ታጣፊ በርጩማዋን ይዛ ነው የምትዞረው። አንድ ጊዜ በዚያ ሁሉ ለስላሳ ሶፋ መሃል በርጩማዋ ላይ ተኮራምታ ምሳዋን ስትበላ አግኝቻት በሳቅ ልፈርስ ነበር።

«ሶፋው ይነክስሻል እንዴ?» አልኳት።

«ቤቱ ባለቤት አለው» አለችኝ። ከዚህ በላይ ማብራሪያ የለም።

ሌላው ነገሯ ማዳመጧ ነው። ከየቤቱ ስትወጣ የውሃውን መዝጊያ ትዘጋና የመጥረጊያዋን እንጨት አንዱን ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች። ውስጥ ጠብታ ካለ ትሰማዋለች። ባዶ ቤት ውስጥ ውሃ ሲንጠባጠብ እያወቀች እንቅልፍ አይወስዳትም። እንግዶቹ ሁሉ ይህን ልማዷን ያውቁታል፤ ልጆቻቸው እንጨት ጆሯቸው ላይ እየደገኑ እቴቴ እቴቴ ይጫወታሉ። እኔም ሳገኛት «ቧንቧው ትኩሳት አለው?» እያልኩ አሾፍባት ነበር።

ባለፈው ዓመት በብርዱ መሃል፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ኮረብታው ላይ ወዳለው የውሃ ታንከር ወጣሁ። በዚያ ወቅት በሳምንት ሁለቴ ብቻ ነው የማየው። ከሰኞ ወዲህ አንድ ስድስት ጣት ቢጎድል ነው ብዬ ስከፍተው ከክንድ በላይ ጎድሏል። ወደ ላይኛው ሰፈር የሚሄደውን ዋና ቧንቧ ስዳብሰው ይንቀጠቀጣል። «ፈንድቷል» አልኩ። ባዶ ሰፈር ውሃ ቢዘጋ ማን ይጠማል? ቫልቩን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ለጥገና ሠራተኞቹ ስደውል «ሰኞ እንመጣለን» አሉኝ። ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ እያፏጨሁ ወረድኩ።

በዚያው ሰዓት ግን ከአርባ አንዱ ቤት በአንዱ፣ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ወድቀው ነበር። ዳሌያቸው ከተሰበረ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል። የሚደርሱበት ነገር ቢኖር ከግድግዳው ዝቅ ብሎ የተገጠመ አንድ የውሃ ቧንቧ ብቻ ነው፤ በሕይወት ያቆያቸውም እሱ ነው። እኔ የዘጋሁት ያንን ነበር።

ይህን ግን አላወቅኩም። ቫልቭ ስዘጋ ካልነገርኳት ሳምንት ሙሉ ስለምታኮርፈኝ ብቻ በእቴቴ ቤት በኩል አለፍኩ። ካልሲ እየሰፋች ነበር።

«የላይኛውን ሰፈር ዘግቼዋለሁ፣ እቴቴ። ቧንቧ ፈንድቷል።»

«የቱ ጋ?»

«ሰኞ ቆፍረው ያገኙታላ።»

«መሬቱ ረጥቧል?»

ጫማዬን አየሁት። ያን ያህል ውሃ የጠጣ መሬት ጭቃ ይሆናል፤ የመጣሁበት መንገድ ግን አቧራ ነበር። ይህን እኔ፣ ደሞዝ የምበላበት ሰውዬ፣ አላሰብኩትም።

«ካልረጠበ በፍሳሽ ነው የሄደው» አለች። «በፍሳሽ ከሄደ የተከፈተው ቤት ውስጥ ነው። ሰኞ ሁሉንም በእጄ ዘግቻለሁ። ሰው አለ።»

«በናትሽ እቴቴ! አሁን በዚያ አይደል ያለፍኩት? አንድ የተከፈተ መስኮት የለም።»

በእኛ ከተማ እንግዳ መግባቱ የሚታወቀው በመስኮት ነው። ማንም ይሁን ማን፣ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ወደ ሐይቁ ያለውን መስኮት ይከፍታል፤ ከሩቅ የመጣው ለዚያ ነዋ። ስለዚህ መስኮቱ ከተዘጋ ቤቱ ባዶ ነው ብለን እናልፋለን። ከአባቶቻችን ጀምሮ እንዲህ ነው የምናውቀው፤ ውስጥ ሰው ይኖር ይሆን ብሎ ያንኳኳ የለም።

እቴቴ መርፌዋን ካልሲው ላይ ሰክታ ተነሳች። «ሂድና ክፈተው። ካልፈሰሰ አልሰማውም።»

«ታንከሩ ባዶውን ቢቀር ታች ያለነው ምን ልንጠጣ ነው?»

«አንተ ሰውዬ! ክፈት አልኩህ!»

ሃያ ዓመት ስንጨቃጨቅ እንደዚያ ጮኻብኝ አታውቅም። እየተነጫነጭኩ ያንን ኮረብታ ተመልሼ ወጣሁ፣ ከፈትኩ፣ ወረድኩ። ከዘጋሁበት እስከከፈትኩበት አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሆን አይቀርም።

ሰፈሩ መግቢያ ላይ መጥረጊያዋን ይዛ ጠበቀችኝ። ቧንቧው ሦስት ቦታ የሚከፈልበትን ጉድጓድ ክዳኑን አስነሳችኝና ተንበረከከች። እንጨቷን አንዱ ላይ አሳረፈች፣ አዳመጠች፣ ወደ ሁለተኛው አዛወረች፣ ቆየች፣ ወደ ሦስተኛው። «በዚህ» ብላ የቀኙን መንገድ አሳየችኝ። እኔም ተራዬን እንጨቱን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሞከርኩ። የሰማሁት የገዛ ልቤን ምት ነው።

በየአጥሩ ሥር ቆመች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቤት። እያንዳንዱ ጋ ዓይኗን ጨፍና፣ ትንፋሿን ውጣ። ነፋስ አልነበረም፤ ወፍ እንኳ ዝም ብሎ ነበር። አርባ አንድ የተዘጉ ቤቶች፣ ከበታቻቸው ያ ሁሉ ሐይቅ፣ መሃል ላይ አንዲት ሽበታም ሴት መሬት ውስጥ ያለ ነገር ታዳምጣለች። ፍርሃት ፍርሃት አለኝ፤ ቤተ መቅደስ ውስጥ ጫማ አድርጌ የገባሁ መሰለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ዘግቼ ከኋላዋ ሄድኩ።

ዘጠነኛው አጥር ጋ እንጨቱን ገና ከማሳረፏ ዓይኗን ገለጠች። «የዶክተሩ ቤት» አለች፤ ቁልፉ ከመቼው እጇ ላይ እንደተገኘ አላየሁም።

ዶክተሩ የጥርስ ሐኪም ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከባለቤታቸው ጋር ሲመጡ ኖረዋል፤ የከተማውን ግማሽ የበሰበሰ ጥርስ በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው በነፃ ነቅለዋል። በዚያ ዓመት ባለቤታቸው በማረፋቸው አልመጡም ነበር። እኛ እንዲያ ነበር የምናውቀው።

በሩ ሲከፈት ጨለማ ነው። ከውስጥ ውሃ ይንሿሿል።

«ዶክተር?» አለች እቴቴ።

«እህቴ» አለ አንድ የሰለለ ድምፅ። «ቆየሽ እኮ።»

እኔ ግድግዳውን እየዳበስኩ መብራት ፈለግሁ። እሷ ግን ቀሚሷን ሰብስባ እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አለች፣ ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «ብርድ ልብስ አምጣ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ሩጥ፣ ቧንቧውን ግን እንዳትዘጋው፣ ገና ይጠጣሉ» አለችኝ። ሮጥኩ። እንደዚያ የሮጥኩት በልጅነቴም ትዝ አይለኝም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ትልቁ ከተማ ያለው ሆስፒታል ሄደን ጠየቅናቸው። ዳሌያቸው ተጠግኖ፣ ትራስ ተደግፈው ጋዜጣ ያነባሉ። እቴቴ ብርቱካን ስትልጥላቸው የሆነውን አንድ በአንድ ነገሩን። በሰኞ ማታ አውቶቡስ ብቻቸውን መጡ፤ የባለቤታቸውን ልብሶች ሊወስዱ። ማንም እንዲያጽናናቸው ስላልፈለጉ ለማንም አልተናገሩም። ሐይቁን ያለ ባለቤታቸው ማየት ስላልቻሉም መስኮቱን አልከፈቱም። ማክሰኞ ገና ሳይነጋ አዳልጧቸው ወደቁ።

«መጀመሪያ ቀን ጮህኩ» አሉ። «ድምፄ ሲዘጋ ግን አሰብኩ። እዚህ ሰፈር አሁን ሰው ቢጮህ ማን ይሰማዋል? ውሃ ቢፈስ ግን የምትሰማ አንዲት ሴት አለች። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩና ጠበቅኩሽ።»

እቴቴ ብርቱካኑን መላጥ አላቆመችም። 

«ሐሙስ ጠዋት ውሃው ቀጥ አለ» አሉ ዶክተሩ። «ያኔ አለቀስኩ። እሷ በሕይወት ካለች ቤቶቹን ሳታይ አታስዘጋውም፤ ስለዚህ ሞታለች አልኩ። ለራሴ ማልቀስ እንኳ አልታሰበኝም። አንቺን ነው ያለቀስኩሽ፣ እህቴ።»

እቴቴ ብርቱካኑን አልጋው ላይ አስቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያቺ ሴት ስታለቅስ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። እኔ ዝም ብዬ መውጣት እችል ነበር፤ እሷ ፈጽሞ አትናገርብኝም፣ አውቃታለሁ። ግን አልወጣሁም።

«የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ዶክተር» አልኩ። «ባዶ ነው ብዬ።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«የከፈተውስ?»

«እሱንም እኔ ነኝ። እሷ ልካኝ።»

«ውሃው ሲመለስ ቧንቧው እንደ ሰው ሦስት ጊዜ ሳለ» አሉ ቀስ ብለው። «ከዚያ መጣ። በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ።