አዛኑ በሁለቱም ጆሮዬ

ሐይቅ ከተማ ስኖር ሥራዬን ለማንም አልናገርም ነበር። ሲጠይቁኝ “በኮምፒውተር ነው” እላለሁ፣ ያልፋል። የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። የተጨነቀ ሰው ካለበት ቦታ በኢንተርኔት ይደውላል፤ ስሙን መናገር፣ መልኩን ማሳየት የለበትም። እኔም በሬን ቆልፌ፣ ኢርፎኔን ሰክቼ አዳምጣለሁ። ሥራዬ ቢታወቅማ ደጄን የረገጠ ሁሉ “ምን ነክቶት ነው?” ሊባል አይደል? ታዲያ ምን አስለፈለፈኝ!

አከራዬ ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ እናት ናቸው። እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ከአምባሰል የመጣሁ ክርስቲያን፤ የእኔን ጾም ግን ከእኔ በላይ ይጠነቀቁልኛል። እንደ ልጃቸው ነበር የያዙኝ። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ደጄ ላይ ቁጭ አሉና አለቀሱ። ከሰፈራችን መስጊድ ጀርባ የተዳረችው ልጃቸው በየሳምንቱ ከሰዓት ክፍሏን ዘግታ በስልክ ታወራለች፤ ከማን ጋር እንደሆነ ብትጠየቅ አትናገርም። የባሏ እህቶች “ወንድ ይዛለች” ማለት ጀምረዋል።

“ትዳሯ ሊፈርስ ነው። ወላሂ እንቅልፍ አጣሁ” አሉኝ። “አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እስቲ ጠጋ ብለሽ ጠይቂልኝ።”

“አብሽሩ እማ፣ ይስተካከላል” አልኳቸው። ልጅቷን ግቢ ውስጥ አልፎ አልፎ ሰላም ከማለት በቀር አላውቃትም ነበር።

በዚያው ሳምንት ከአንዲት ደንበኛዬ ጋር በቀጠሯችን ሰዓት እያወራን ነበር። ብዙ ጊዜ አብረን ሠርተናል፣ ፊቷን ግን አይቼ አላውቅም። የነገረችኝን እዚህ አትፈልጉ፣ የለም። ይህችን ያህል እንድጽፍ የፈቀደችልኝም ራሷ ናት። ወሬያችን መሃል አዛን ደረሰ። የሰፈራችን ሙአዚን ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፅ ማጉያው ላይ ሳያስሉ አዛን አይጀምሩም። ያ ሳል በመስኮቴ ገባ። ወዲያው ያው ሳል በኢርፎኔ መጣ።

አዛኑ አንዴ በመስኮት፣ አንዴ በስልክ፣ እየተከታተለ በሁለቱም ጆሮዬ ተንቆረቆረ። መስጊዱ ጀርባ፣ ከሰዓት፣ በሯን ዘግታ። ወይ ጉድ! የአከራዬ ልጅ ናት። ሰው ሁሉ የሚፈልገው “ወንድ” ደግሞ እኔው ነኝ!

ዝም ብዬ ላታልላት አልፈለግሁም። አዛኑ ሲያልቅ ነገርኳት። “እኔም ሐይቅ ነው ያለሁት። ሙአዚኑን በመስኮቴ ሰማኋቸው። ማን እንደሆንሽ ያወቅሁ ይመስለኛል፤ የእናትሽ ተከራይ ነኝ። ከፈለግሽ ሌላ አማካሪ አገኝልሻለሁ። ከአፌ ግን ምንም አይወጣም።”

ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። በሚቀጥለው ቀጠሮ አልደወለችም።

አከራዬ ተመልሰው መጡ። የልጅቷ ባል ሽማግሌ ሊያስቀምጥ ነው። “ጠየቅሽልኝ?”

“አልጠየቅኋትም እማ። አልጠይቃትምም። የሷን ነገር ከሷ አፍ ስሙ።”

“ልጄ ብዬ ይዤሽ!” አሉ። “ድንጋይ ነሽ እንዴ አንቺ?” ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን መመለስ ተዉ።

አንጀቴን በሉኝ። “ከእኔ ጋር ነው የምታወራው” ብል በቃ፣ እሳቸውም ይተኛሉ፣ የልጅቷም ትዳር ይተርፋል። ነገር ግን ልጅቷ ሌላ የትም የሌላትን አንድ ደህና ቦታ እኔ አፍርሼባት እሄዳለሁ። እንዲህ እያሰላሰልኩ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። እልሁ ሲብስብኝ “የለም! ቤቱን ልቀቂ ቢሉኝም እለቃለሁ፣ አልናገርም!” ብዬ ጮህኩ። መረቡን የሚያራግፍ አንድ ዓሣ አጥማጅ ዞር ብሎ አየኝ።

“ኧረ ማንም አልጠየቀሽም!” አለኝ።

ሳቄ መጣ፤ እንባዬም አብሮ መጣ። ቀና ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ከቀናት በኋላ ቧንቧው ሥር ልብስ ሳጥብ ልጅቷ ግቢ ገባች። “እንዴት ዋልሽ” አለችኝ፣ ለማንም ተከራይ እንደሚባለው። “ደህና” አልኩና ልብሴን መጭመቅ ቀጠልኩ። እሷም ሄዳ እናቷ ፊት ቆመች።

“እማ፣ የማወራው ከሐኪም ጋር ነው። ጭንቀት ይዞኝ ነበር። ለባሌ ዛሬ ጠዋት ነገርኩት፣ ሽማግሌውም ቀርቷል። ሐኪሟ ማን እንደሆነች፣ ምን እንደምላት ግን ለሱም ላንቺም አልናገርም። የኔ ነው።”

እናቷ ጥብቅ አድርገው አቀፏት። “አፈር ልብላልሽ! ታመሽብኝ ኖሯል?”

“እዚያ ባሌ ቤት ጆሮ በዝቷል። ከዛሬ ጀምሮ ካንቺ ቤት ልደውል?”

“ግቢ! ማን ከልክሎሽ!”

እጄን ሳላደርቅ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ስልኬ ላይ የጽሑፍ መልእክት ጠበቀኝ፦ “ሌላ ሰው አልፈልግም። እንደ ድሮው በሰዓታችን እደውላለሁ።”

ሰዓቱ ሲቃረብ በመስኮቴ አየሁ። አከራዬ በርጩማ አውጥተው የቤታቸው በር ላይ ተቀመጡ። ወንፊት ልትዋስ የመጣችን ጎረቤት ከአጥሩ መለሷት። ወደ ግቢው የገባችውን ዶሮ ሳይቀር “እሽ!” ብለው አባረሯት። ከዚያ ተነሥተው ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡና መስኮቴን ቆረቆሩ። ካኮረፉኝ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገሩኝ ያኔ ነው።

“አንቺ ልጅ፣ ይኼን መስኮት ዝጊ” አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ልጄ ከሐኪሟ ጋር ልታወራ ነው። የሰው ምስጢር አይሰማም፤ ነውር ነው።”

“እሺ እማ” አልኩ።

መስኮቱን ዘጋሁ፣ ኢርፎኔን ሰካሁ። ስልኬ ጠራ።