ከአሜን በፊት የተነሣው ግንበኛ

ሰፈሩ በግድግዳ ማቅኛው ስም «ቱንቢ» ብሎ የሚጠራው ግንበኛ፣ ንግግሩም እንደ ግንቡ ቀጥ ያለ አማኝ ነበር። በየሳምንቱ፣ ከአንዲት ክፍል በቀር መጠጊያ በሌላቸው ባልቴት ቤት ከጎረቤቶቹ ጋር ይጸልያል። የክፍሏ የጀርባ ግድግዳ ዘምሞ ስለ ነበር፣ እንዳይወድቅ ዘወትር ይለመንለታል።

አንድ ቀን ቱንቢ ተንበርክኮ ሳለ ከግድግዳው አፈር ትከሻው ላይ ረገፈ። ጸሎቱ ሳያልቅ ብድግ አለ።

«ምነው ልጄ፣ እግዜርን ታቋርጣለህ?» አሉት ባልቴቷ።

«እማማ፣ ሲነግረኝ ሰምቼ ነው የተነሣሁት። ደጅ ወጥታችሁ ጨርሱት፤ አሜኑ እዚያም ይሰማል።»

«የዚህ ሰው ጉልበት ለሥራ እንጂ ለጸሎት አልተፈጠረም» እያለ አንድ ጎረቤት ተከትሎት ወጣ።

ቱንቢ ባላ እያመጣ ግድግዳውን ደገፈ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። የመጨረሻውን ባላ ካስገባ በኋላ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ተንበረከከ።

«አሁንስ ምን ቀረህ?» አለው ጎረቤቱ።

«ዝናቡ። እሱን በባላ አላቆመውም።»

በእጅ የሚሠራውን ለሰማይ መተው እምነት መስሏቸው የቆዩት ሁሉ አጠገቡ ተንበረከኩ። ዝናቡ ለጥቂት ጊዜ አካፍቶ አባራ፤ ባላውም ቻለ።

ቱንቢ ያን ግድግዳ አፍርሶ በድንጋይ ገነባው። ባልቴቷም ዕድሜያቸውን በዚያችው ክፍል ጨረሱ።