ፌርማታው ወደ ታች ሲወርድ

ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ለስፌቴ ብሎ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ቦርሳ እጠግን ነበር። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ አሮጌ ቦርሳ እየፈታሁ፣ መልሼ እየሰፋሁ ነው የለመድኩት። ዚፕ ስቀይር የድሮውን የመርፌ ቀዳዳ እከተላለሁ እንጂ ሌላ አልበሳም። የክሩን ቀለም ደጅ ወጥቼ በፀሐይ ሳላስተያይ አልጀምርም። ትንሽ ሥራን የሚያኖረው ይህ ነው ብዬ አምን ነበር።

ታክሲዎቹ የሚያቆሙት በሬ ፊት ነበር። ቀኑን ሙሉ «ወራጅ አለ!» ይባላል፤ ከመልመዴ የተነሣ ጭራሽ አልሰማውም። መንገዱ ሲሰፋ ፌርማታው ወደ ታች ወረደ። በእግር ሰባት ደቂቃ ነው፤ ለክቼዋለሁ። ሰባት ደቂቃ ምን አላት አልኩ። በሁለተኛው ወር በቀን አንድ ቦርሳ ከመጣ ደግ ነበር። በአራተኛው ወር ሳምንቱ እንዳለ ባዶ ያልፍ ጀመር። የስፌት መኪናዋ እንዳትደርቅ ብዬ ቁራጭ ጨርቅ እሰፋባታለሁ፣ መልሼ እተረትረዋለሁ። ከአዲሱ ፌርማታ ፊት ክፍል ፈልጌ ነበር፤ ሁሉም ተይዟል።

አንድ ቀን አየር ጤና ክር ልገዛ ሄጄ ከቆየ ደንበኛዬ ጋር ተገናኘን፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጥቁር ቦርሳቸው አዲስ ዚፕ ገብቶለታል፤ በቡኒ ክር የተሰፋ፣ ጫፉ የተንጋደደ። ወዴት እንደምመለከት ሲገባቸው በእጃቸው ሸፈኑት።

«በቃ አትየው!» አሉ እየሳቁ። «አዲሱ ፌርማታ ጋ ያለው ቦርሳ ሰፊ ቡራቡሬ አድርጎ ለቀቃት።»

«ምነው ጋሼ፣ እኔ እያለሁ?»

«ምን ላድርግ ልጄ? ከታክሲ ስወርድ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሏል።»

«የኔን ሥራ ይወዱት የለም እንዴ?»

«እወደዋለሁ እንጂ! ግን አንተንም ያገኘሁህ ስወርድ ነው። እውነቱን ልንገርህ? እኔ የፌርማታው ደንበኛ ነኝ።»

ፈትቼ በነጻ ልስፋልዎ ልል ነበር። እስከ ሱቄ በእግር መምጣት እንዳለባቸው ሳስብ ተውኩት።

ክሩን ሳልገዛ ተመለስኩ። በዚያው ቀን ለአከራዬ ክፍሏን እንደምለቅ ነገርኳቸው። እንዲያግባቡኝ፣ ትንሽ ታገሥ እንዲሉኝ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ሰው የማይወርድበትን መንገድ ቆመው ተመለከቱ።

«ለሱቅማ ከእንግዲህ ማን ይገባበታል?» አሉ። «በመንገድ በኩል ያለውን በር አስደፍኜ ለመኖሪያ ማከራየት ነው።»